ሃያ አንድ አኃዝ

ቁጥር ደረቅ ነው፣ ለሰው ልጅ ስሜት ቦታ የለውም የሚሉ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። በሒሳብ መምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን አስተያየት ከተማሪዎችም ከኪነ ጥበብ ሰዎችም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መልሴን ዘወትር የምጀምረው በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም 147,573,952,589,676,412,927 ነው።

የቁጥሩ አመጣጥ ቀላል ነው። ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት ተነሥተን 67 ጊዜ እጥፍ እያደረግን ብንሄድና ከመጨረሻው ክምር አንዲት ቅንጣት ብናነሣ፣ የሚቀረው ይኸው ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሬን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ ከብቸኛ ቁጥሮች ተርታ መደበው፤ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የለም አለ። ቃሉም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጸና። እ.ኤ.አ. በ1876 የአገሩ ልጅ ኤድዋር ሉካስ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። የሚያስገርመው፣ ይህን ያረጋገጠው አካፋዮቹን ሳያገኝ ነው። ተካፋይነቱ ታወቀ፤ በምን እንደሚካፈል ግን ተሰውሮ ቀረ።

ምሥጢሩን የገለጠው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኒውዮርክ ላይ በተደረገ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ፣ ሲነገር እንደቆየው፣ ኮል ቃል ሳይተነፍስ ጠመኔ አነሣ። በሰሌዳው አንድ ወገን ያንን ታላቅ ቁጥር አስልቶ ጻፈ፤ በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። እሱም እንደ ዝምታው ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ጉባኤው አጨበጨበ ይባላል።

ፍለጋው በዘፈቀደ የሚደረግ አልነበረም። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ የ67 እጥፍ በሆነው በ134 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ትንሹ አካፋይ የተገኘውም 134 በ1,445,580 ተባዝቶ 1 ሲታከልበት ነው። ይህ ሕግ መንገዱን ቢያጠበውም ድካሙን አላስቀረም፤ ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደፈጀ ይነገራል።

እኔም ሁለቱን አካፋዮች በሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪዎቼ በቡድን ሆነው እንዲያባዟቸው አደርጋለሁ። የአንዱ መሳሳት የሁሉንም ድካም ስለሚያፈርስ እርስ በርስ ይተራረማሉ። የመጨረሻው ድምር ከተጻፈው ቁጥር ጋር አኃዝ በአኃዝ ሲገጥም፣ የክፍሉን ደስታ ያየ ሰው ቁጥር ደረቅ ነው ለማለት አይደፍርም።

የመርሴን ቃል በስሙ ክብደት ታምኖ ኖረ። ኮል ግን ማባዛት የሚችል ልጅ ሁሉ በእርሳስና በወረቀት የሚመረምረውን ማስረጃ አቀረበ። የምናስተምርም ሆንን የምንጽፍ ወይም የምንሥል ሰዎች ከሥራችን ፊት ስማችንን ባናስቀድም መልካም ነው። ያን ጊዜ ተማሪውም ተመልካቹም በራሱ አእምሮ መዝኖ ይቀበለናል፤ ወይም ያርመናል።