የአርጎን ስምንት ነጥቦች

ኬሚስትሪ ልቤ የገባው በማታ ትምህርት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «አርጎን፣ 18» ብለው ጻፉና ዙሪያውን በጠመኔ ሦስት ክብ አሰመሩበት። ከውስጥ ጀምረው 2፣ 8፣ 8 ነጥብ አስቀመጡ። «ቫለንስ ኤሌክትሮኑ፣ የውጪው ሼል ላይ ያለው፣ ስንት ነው?» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ስምንት!» አለ። ከዚያ ወደ ጣሪያው እያመለከቱ፣ «እዚያ አምፖል ውስጥ ያለው እሱ ነው» አሉን። ክሩ ግሎ ሲነጣ አርጎኑ ከክሩ ጋር አይዋሃድም፤ የውጪው ሼል ስለሞላ መስጠትም መቀበልም አያምረውም። ሰሌዳው ላይ የተቆጠረው ነጥብ እኛን የሚያበራልንን አምፖል ማስረዳቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቀን ሥራ ውላ የምትመጣ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሂሊየም 2 ብቻ ይዞ እንደ አርጎን ካሉ የማይዋሃዱ ጋዞች ጋር ምን ያደርጋል?» መምህራችን ፊታቸው በራ። የመጀመሪያው ሼል ከ2 በላይ ስለማይዝ፣ ሂሊየም በ2ቱ ሙሉ ነው አሉን። ቀጥለው ክሪፕተንን ሠሩልን፦ 2፣ 8፣ 18፣ 8። መሐል ያለው 18 ያስደነግጣል እንጂ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ስገባ የአርጎንን ታሪክ አገኘሁ። ሎርድ ሬይሊ ከአየር ያገኘው ናይትሮጅን አንዱ ሊትር 1.257 ግራም ሲመዝን፣ ከውህዶች ያወጣው 1.251 ግራም ገደማ ሆነበት። ሌላው ሰው «የሚዛን ስህተት ነው» ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን አላለፈውም። በ1894 ከዊልያም ራምዚ ጋር ሆኖ የልዩነቱን ምንጭ፣ አርጎንን፣ ይፋ አደረገ። የምንተነፍሰው አየር አንድ በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ዘመን የተሰወረው፣ በእነዚያ ስምንት ኤሌክትሮኖች ምክንያት ከማንም ጋር ስለማይዋሃድ ነው።

ከሁሉ የማረከኝ ግን የኬሚስቱ የኒል ባርትሌት ነገር ነው። በ1962 ካናዳ ውስጥ፣ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አይቶ ነበር። ከዜኖን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል ከዚያ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ሲያስተውል ዜኖንን ከፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ጋር አገናኘው፤ ቢጫ ጠጣር ወጣ። ዜኖንም የውጪ ኤሌክትሮኖቹ 8 ናቸው፤ ግን ከኒውክሊየሱ ርቀዋልና አያያዙ ላላ ያለ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የማስተምር ብሆን ነጥቦቹ በተቆጠሩበት ዕለት ይህንንም እነግራቸው ነበር።