የጓዳችን ውሃ ወዴት ይሄዳል?
(ወደ ቃሊቲ የተደረገ ጉዞ)

በጾም ወራት አንድ ቀን የቀረበልንን ጎመን እየበላን ሳለ፥ ከወዴት የመጣ እንደ ሆነ ባለቤታችንን ብንጠይቃት «ከአቃቂ ወንዝ ዳር ነው» ብላ መለሰችልን። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን እድፍ ተሸክሞ የሚወርድ መሆኑን እናውቅ ነበርና እጃችንን ከማዕዱ ሰበሰብን። ስለዚህም የጓዳችን ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችን ለማየት ወደ ቃሊቲ ወረድን።

ቃሊቲ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። የእድፉ ውሃ ቍልቍለቱን ተከትሎ በቧንቧ ስለሚወርድ ቦታው ለማጣሪያ የተመቸ ነው። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት በዚህ የተሠሩት ኩሬዎች በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበሉ የታሰቡ ነበሩ። ከተማይቱ ግን ከኩሬዎቹ አቅም በላይ አደገች፤ ስለዚህ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ማጣሪያ ተሠርቶ በ2010 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሥራ ጀመረ።

ውሃው እንደ ደረሰ አስቀድሞ በብረት ወንፊት ያልፋል፤ በዚያም ጨርቁና ፌስታሉ ይያዛል። ቀጥሎ አሸዋው ይዘቅጣል። ከዚያ ወዲያ ወደ ታላላቅ ገንዳዎች ይገባና ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን እድፉን ይመገቡታል። ከዚህም በኋላ አየር በሚያገኝበት ማጣሪያ ላይ ሲንጠባጠብ ሌሎች ተሐዋስያን የቀረውን ይበሉታል። ዝቃጩ እንደ ጠላ አተላ ተለይቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ውሃውም ወደ ትንሹ አቃቂ ይለቀቃል። ነቢዩ ኤልሳዕ የኢያሪኮን ውሃ በጨው ፈወሰ፤ በቃሊቲ ግን ፈዋሾቹ እነዚህ ዓይን የማያያቸው ፍጥረቶች ናቸው።

በዚያ ቆመን ስናይ ሽታው መሐረባችንን ወደ አፍንጫችን አስወሰደን። ነገር ግን ልናፍር የሚገባን በማጣሪያው ሽታ ሳይሆን በአጠገቡ በሚፈሰው ወንዝ ነው። የከተማይቱ ቤቶች ሁሉ ከቧንቧው ጋር የተያያዙ አይደሉም፤ ከብዙ ቤትና ፋብሪካ የሚወጣው እድፍ በቃሊቲ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይገባል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውንም እንደ ክሮም ያለ ማዕድን ተሐዋስያኑ ሊበሉት አይችሉም። ማጣሪያ የሚያነጻው የደረሰለትን ብቻ ነው።

ምናልባት «ወንዝ መጨረሻው ባሕር ነውና እድፋችንን ባሕር ይቀበልልናል» የሚል ይኖር ይሆናል። የእኛ ወንዝ ግን እንዲህ አይደለም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተገደበው በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ በዚያም እድፉ ያፋፋው እምቦጭ የውሃውን ፊት ይሸፍነዋል። ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም በቆቃና በወንጂ አልፎ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። እንግዲህ የጣልነው እድፍ ከምድራችን አይወጣም፤ ገበሬው ለመስኖ ይቀዳዋል፤ ከብቱ ይጠጣዋል፤ ከጎመኑም ጋር ወደ ማዕዳችን ይመለሳል።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢያን፥ የቤት ጌታ የሆነ የመጸዳጃውን ውሃ ወደ ጅረት ከመልቀቅ ይከልከል፤ የቤት እመቤትም ጨርቅና ያደረ ዘይት ወደ ቧንቧ እንዳይጣል ሠራተኞቿን ታስተምር። ሥልጣን ያለው ደግሞ ፋብሪካው እድፉን በደጁ ሳያነጻ እንዳይለቅ ይቈጣጠር። ባለቤታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ጎመን ስትገዛ ከወዴት እንደ መጣ ሳትጠይቅ አታልፍም። ነጋዴይቱ ሳትሸሽግ «ከአቃቂ ነው» ብላ፥ እኛም ሳንፈራ የምንበላበትን ቀን ለማየት ያብቃን።