ፔሎ ላይ ስለ ደም

ላፕላንድ ውስጥ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ያለ ሁሉ ሯጭ ነው። ቦርጬን አይቶ እንኳ የሚጠራጠር አልገጠመኝም። ፔሎ ከተማ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ረጋ ያሉ አዛውንት፣ ቡና እየቀዱልኝ «ተራራው ደማችሁን ያወፍረዋል፣ አይደል?» አሉኝ።

ስለ ደም ማንሳታቸው አልገረመኝም። ከወንዙ ማዶ ስዊድን የምትታይበት ይህ አካባቢ የኤሮ ማንቲራንታ አገር ነው። ድንበር ጠባቂው ማንቲራንታ እ.ኤ.አ. በ1964 በኢንስብሩክ ኦሊምፒክ በበረዶ ሸርተቴ የ15 እና የ30 ኪሎ ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በ15ቱ ሁለተኛ የወጣውን ከ40 ሰከንድ በላይ ነበር የቀደመው። ፊቱ የቀላ፣ ሄሞግሎቢኑም ከልክ ያለፈ ስለነበር «የሆነ ነገር ይወጋል» የሚል ሐሜት አልተለየውም።

በ1993 አልበርት ዴ ላ ሻፔልና ባልደረቦቻቸው ዘመድ አዝማዱን መርምረው ምክንያቱን አሳተሙ። ኢፒኦ የተባለው ሆርሞን መቅኔን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዝዛል። በማንቲራንታ ቤተሰብ ይህን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮቲን ጫፉ የተቆረጠ ነው፤ የጠፋው ደግሞ «በቃ» የሚለው ክፍል ነው። በዘረመሉ ውስጥ የተለወጠችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በእሷ የተነሳ ጥቂቱ ትእዛዝ ብዙ ያስመርታል፤ ኦክስጅን አመላላሹ ይበዛል። ግን ፊደሏን የወረሱት ዘመዶቹ ሁሉ ሻምፒዮን አልሆኑም። በ1972 ደግሞ ማንቲራንታ በምርመራ አምፌታሚን ተገኝቶበታል። ይህን አዛውንቱ አላነሱም፤ እንግዳ ነኝና እኔም ዝም አልኩ።

ለጥያቄያቸው ግን መልስ ነበረኝ። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ደማቸው ሲወፍር፣ የእኛዎቹ ሌላ መላ አላቸው ማለት ነው። ለመሮጥማ ተራራ ላይ መወለድ ቢበቃ ኖሮ እኔም ይህን ቦርጭ ባልተሸከምኩ።

«ታዲያ በምን ኃይል ነው የምትሮጡት?» አሉ።

ስለ በቆጂ አወራኋቸው። ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሱት ልጆች፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ስላሰለጠኑት ስለ ስንታየሁ እሸቱ፣ ጎረቤት ሲያሸንፍ የጎረቤት ልጅ በማግስቱ ጫማ ስለ መለመኑ። በጥሞና አዳመጡኝ። ቡናዬን ደግመው ሞሉና፦

«ደማቸውን ግን መርምራችሁታል?»