በአራት ክር የሚከፈት ደጅ

ቫይንስበርግ የደረስኩት ወይኑ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው። ከሃይልብሮን በከተማ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። የኮረብታው ወገብ በሙሉ የወይን ተክል፣ አናቱ ላይ የፈረሰ ግንብ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ለዓመታት ላየው የጓጓሁለት ቤት፤ የሐኪሙና የባለቅኔው የዩስቲኑስ ኬርነር ቤት፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

ብዙው ጎብኚ የሚመጣው ለግጥሞቹ ነው። እኔን ያመጣኝ ቋሊማ ነው። በኬርነር ዘመን በቩርተምበርግ ድሃው ሕዝብ በቅጡ ያልበሰለ፣ በጭስ የተያዘ የደምና የጉበት ቋሊማ እየበላ ይሞት ነበር። የአውራጃው ሐኪም የነበረው ኬርነር የሕሙማኑን ታሪክ አንድ በአንድ እየሰበሰበ እ.ኤ.አ. በ1820 የ76፣ በ1822 ደግሞ የ155 ሰዎችን ሁኔታ ጽፎ አሳተመ። የዐይን ቆብ ይወድቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ክንድና እግር ይዝላል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። አእምሮ ግን እስከ መጨረሻው አይደፈርስም። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴ ይሸማቀቃል፤ ሰውየው ሁሉን እየሰማ፣ ሁሉን እያወቀ፣ ጣቱን ማንሳት ግን አይችልም። ኬርነር ከተመረዘው ቋሊማ ያወጣውን ጠብታ በገዛ ምላሱ ቀምሷል። መርዙ የሚይዘው ነርቭን መሆኑንም፣ በጥቂቱ ቢሰጥ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችልም የጻፈው ያኔ ነው።

ወደ ፍርስራሹ ግንብ ወጣሁ። ኬርነር እዚያ ላይ በሰው እጅ ሳይሆን በነፋስ የሚደረደሩ በገናዎች ሰቅሎ ነበር። ግንቡን ተደግፌ ስቆም የገረመኝ፣ ይህ ሰው ነርቭ ጡንቻን ምን ብሎ እንደሚያዝዘው ሊያውቅ የሚችልበት አንድም መሣሪያ ሳይኖረው ትክክለኛውን ደጅ ማንኳኳቱ ነው።

ይህ ደጅ ከተጠናባቸው ከተሞች አንዱን ለማየት በማግስቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎቲንገን ተጓዝኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፋስበርግ በሚባል ኮረብታ ላይ የማክስ ፕላንክ ተቋም አለ፤ የነርቭ ተመራማሪው ራይንሃርድ ያን ለዓመታት የሠራበት። ሌላው የዚህ ጥናት ሰው ቶማስ ዙድሆፍም የተወለደው በዚህች ከተማ ነው፣ በ1955።

እዚህ ምን እንደተፈተሸ ለመናገር ወደ ነርቩ ጫፍ መግባት ግድ ነው። ጫፉ ውስጥ ኬሚካላዊ መልእክተኞችን ያዘሉ ከረጢቶች ተደርድረዋል። የአንዱ ስፋት 40 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ 25,000 ያህሉ ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። መልእክቱ እንዲወጣ የከረጢቱ ሽፋንና የነርቩ ሽፋን መዋሃድ አለባቸው። ሽፋኖቹ ግን ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውሃም በቀላሉ አይለቅም። የሚያስታርቃቸው ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው። ሲናፕቶብሬቪን ከረጢቱ ላይ፣ ሲንታክሲንና ስናፕ-25 ደግሞ የነርቩ ሽፋን ላይ ሆነው ይጠባበቃሉ። ሲገናኙ ከራቀው ጫፋቸው ጀምረው ወደ ሽፋኑ እየተጠመዘዙ ይገመዳሉ፤ ስናፕ-25 ብቻውን ሁለት ክር ስለሚያዋጣ ገመዱ ባለ አራት ክር ነው። ገመዱ በከረረ ቁጥር ሁለቱ ሽፋኖች ይሳሳባሉ። ሲናፕቶታግሚን የተባለው ሌላ ፕሮቲን የካልሲየምን መግባት ሲያውቅ፣ አንድ ሺኛ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ደጁ ይበረገዳል።

ስለዚህ ገመድ ከሁሉ በላይ የምወደው ጥንካሬውን ነው። ሌሎችን ፕሮቲኖች በሚፈታታ ብርቱ ሳሙና ውስጥ ቢዘፈዘፍ እንኳ ካልፈላ በቀር አይላቀቅም! ሕዋሱ ራሱ ሊፈታው ሲፈልግ ጉልበት የሚከፍልበት ሌላ ፕሮቲን አሰማርቶ ነው።

የሦስቱን ፕሮቲኖች ሥራ ያጋለጠው ደግሞ የኬርነር መርዝ ነው። በ1992 በጣሊያን ፓዶቫ የቼዛሬ ሞንቴኩኮ ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር አንደኛው የቋሊማ መርዝ ሲናፕቶብሬቪንን እንደሚቆርጥ አሳየ። በዓመቱ ያንና አጋሮቹ ሌላው ዓይነት ስናፕ-25ን እንደሚቆርጥ አረጋገጡ። በዚያው በ1993 ጄምስ ሮትማን ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ስለ መርዝ ሳይሆን ስለ ከረጢቶች እየመረመረ፣ ከከብት አንጎል እነዚያኑ ሦስቱን አወጣ። ከሁለት አገር የተነሱ መንገደኞች አንድ ደጅ ላይ ተገናኙ። ሮትማን፣ ዙድሆፍና ሌላው ተመራማሪ ራንዲ ሼክማን ስለ ከረጢቶቹ ባደረጉት ምርምር በ2013 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በእኔ ልብ ግን ያ ሽልማት የ155ቱም የቩርተምበርግ ሕሙማን ነው።

ስለ ሲናፕቶብሬቪን ሳስብ የአገሬ አራስ ቤት ይመጣብኛል። የፓዶቫው ቡድን ያጠናው ሌላው መርዝ የመንጋጋ ቆልፍ ነበርና። ይህ መርዝ ያንኑ ፕሮቲን፣ ከቋሊማው መርዝ ጋር እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ልዩነቱ መንገዱ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ ወደ አከርካሪው ወጥቶ ጡንቻን አርፈህ ተቀመጥ የሚሉትን መልእክተኞች ያፍናል። እትብቱ በንጹሕ ምላጭ ያልተቆረጠ ጨቅላ ጡት መያዝ ሲያቅተውና ገላው እንደ ቀስት ሲለጠጥ፣ እናትየው የምታየው የእነዚህን የተቆረጡ ክሮች ሥራ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ያን ዜና የሰማሁበትን ቀን አልረሳውም።

ፋስበርግ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ። ስናፕ-25 የ206 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ያንና አጋሮቹ ያጠኑት መርዝ ከጫፉ የሚጥለው ዘጠኙን ብቻ ነው፤ በዘጠኙ ምክንያት ሰው መተንፈስ ያቆማል። እናቴ የሰጠችኝን መቁጠሪያ ከኪሴ አውጥቼ ከጫፉ ዘጠኝ ፍሬ ቆጠርኩ። ብርድ ያደነዘዘው ጣቴ አንዱን ፍሬ አልፎ ወደሚቀጥለው ሲሄድ አየሁት፤ ደግሜም ቆጠርኩ።