ከቀራንዮ እስከ ባሕር ማዶ ያለ ደላላ



የዚህ ወር ጉዟችን ከአዲስ አበባ አላስወጣንም። ከአውቶቡስ ተራ በሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ነው ያመራነው። እዚያ የሚኖሩ ጥቂት ወጣቶች «በውጭ አገር በሚካሄድ የወጣቶች ልውውጥና የበጎ ፈቃድ ሥራ መሳተፍ እንፈልጋለን። ለመሆኑ ለእኛ ሰፈር ልጅ በሩ ይከፈታል ወይ?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ከቢሮ ተቀምጦ የሚመለስ ስላልመሰለን እነሱው ዘንድ ሄድን።

አጠና ተራ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። የባሕር ዛፍ አጠና የተሸከመው «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። ሻይ ቤቶቹ ሞልተዋል፤ ከመስጊዱ የዙህር አዛን ይሰማል። ይህን የሥራና የግርግር ሰፈር የሚያይ ሰው ቀራንዮና ዓለም የተራራቁ ሊመስሉት ይችላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም።

ዓለም ወደ ኮልፌ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1962፣ በእኛ አቆጣጠር በ1954፣ ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው። ዕድሜያቸው ወደ 44 ይጠጋ ነበር። ተኩስ ተለማመዱ፣ ረጅም የእግር ጉዞ ተጓዙ፣ የኮሎኔል ታደሰ ብሩንም ትምህርት ተከታተሉ። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ የነበረ ቢሆንም ሁለት ወር ገደማ እንደቆዩ ወደ አገራቸው ተጠሩ። ያ ታላቅ ሰው እዚህ የነበረው እንግዳ ተማሪ ሆኖ ነው።

ወደ ዘነበ ወርቅ ስንዘልቅ ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት ዓላማው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ከጎኑ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እገዛ ተቋቁሟል። ብዙ ሰው የሚሸሻቸውን ሕሙማን ለመርዳት ከሩቅ አገር ወደዚህ ሰፈር የመጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እንግዲህ የቀራንዮ ልጅ ወደ ውጭ ሄዶ ቢያገለግል ለሰፈሩ አዲስ ነገር አያመጣም፤ የቆየ ውለታ ይመልሳል እንጂ።

ከዐስር በኋላ የሰማነው

ከዐስር ሶላት በኋላ ከወጣቶቹና ከጥቂት ወላጆች ጋር ተቀመጥን። መጀመሪያ የተናገረው ዝምተኛ ወጣት ነው። አንድ ሰው «በአውሮፓ የበጎ ፈቃድ ካምፕ አስገባሃለሁ» ብሎ እናቱ ለዓመታት ያጠራቀሙትን የዕቁብ ገንዘብ ተቀብሎታል። ደብዳቤ ማኅተም ያለበት ነበር፤ ካምፑ ግን አልነበረም። «ገንዘቡ ይቅር። እናቴን ቀና ብዬ ማየት ነው ያቃተኝ» አለን። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ስለዚህ ምክራችንን ከዚህ እንጀምር። በጎ ፈቃደኛን የሚልክ እውነተኛ ድርጅት በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አስገቡ አይልም፤ «ዛሬ ካልከፈላችሁ ዕድሉ ያመልጣችኋል» እያለም አያጣድፍም። አንዳንድ አጫጭር ካምፖች የመሳተፊያ ክፍያ መጠየቃቸው እውነት ነው። ነገር ግን ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ የተነገረ፣ በድርጅቱ ስም የሚከፈልና ደረሰኝ ያለው መሆን አለበት። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም፣ በ1970 በጠቅላላ ጉባኤው የተቋቋመው፣ ለምዝገባ ምንም አያስከፍልም። በ2010 የተጀመረው የአፍሪካ ኅብረት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ቡድንም ወጣቶችን ለ12 ወራት በሌላ አፍሪካዊ አገር ያሰማራል፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ከተማችን ነው። ጀርመን ቬልትቬርትስ በተባለው ፕሮግራሟ ከ2013 ጀምሮ የደቡቡን ዓለም ወጣቶች ስትቀበል፣ አመልካቹ የሚገባው በአገሩ በሚገኝ አጋር ድርጅት በኩል ነው። በአንዱም ደላላ አያስፈልግም።

ትናንሽ ስሕተቶች ትልቅ በር ይዘጋሉ

ብዙ ልጆቻችን የሚወድቁት ችሎታ አጥተው አይደለም። በልደት ቀን ይወድቃሉ። በሰኔ 1995 የተወለደ ልጅ ቅጹ ላይ 1995 ብሎ ቢሞላ፣ ፈረንጁ በራሱ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ይጨምርበትና «ዕድሜህ አልፏል» ይለዋል። በስምም ይወድቃሉ። ሙሐመድ የሚለው ስም በትምህርት ማስረጃው ላይ በአንድ ኤም፣ በፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤም፣ በልደት ሰርተፊኬቱ ላይ ደግሞ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ሦስት ሰው ይመስላል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት ሰነዶቻችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አስተያዩ፤ የሚታረመውን አሳርሙ፤ ፓስፖርታችሁንም አውጡ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ!

ማመልከቻው ላይስ ምን ይጻፋል? ያየናቸው ረቂቆች አብዛኞቹ «ዓለምን መርዳት እወዳለሁ» የሚሉ ናቸው። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። አንዲት ልጅ «እኔ የሠራሁት የበጎ ፈቃድ ሥራ የለም» አለችን። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምታደርግ ስንጠይቃት ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። በረመዳን ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር ለአቅመ ደካሞች ማፍጠሪያ ታዘጋጃለች። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ስንት ልጆች፣ ለስንት ወር፣ ምን ለውጥ አዩ? ማመልከቻው የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ልጅቷ ግን ፊቷ አልፈታም። «ለአላህ ብዬ የሠራሁትን ለሰው መጻፍ ሪያእ አይሆንብኝም?» አለች። ጥያቄዋ አከበረን። የዲኑን ብያኔ ለዑለሞች እንተዋለን። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ግን እንዲህ መለሱላት፦ «ልጄ፣ ዳኛ ጠይቆሽ ብትመሰክሪ ጉራ ነው? ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ የሆነውን ጻፊ። ምስጋናውን ሌላ ሰው ይጻፈው።» እኛም ይህን ይዘን እንላለን፤ እናንተ ሥራውንና ቁጥሩን ጻፉ፣ ስለ ጠባያችሁ መምህራችሁ ወይም የመስጊዱ ኮሚቴ በድጋፍ ደብዳቤ ይናገሩ።

ቃለ መጠይቅ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆመው ሲጠየቁ የነበሩበትንና የደረሱበትን በግልጽ ተናገሩ እንጂ አላጋነኑም። ንጉሡም አዳመጣቸው።

የእናት ጥያቄ

የልጅቷ እናት እስከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። «ሶላቷስ? ምግቧስ? ከማን ጋር ታድራለች?» አሉ። እነዚህ የሚያሳፍሩ ጥያቄዎች አይደሉም። ከመፈረም በፊት ለድርጅቱ በጽሑፍ የሚቀርቡ ናቸው፦ ማደሪያው የሴቶች ብቻ ነው ወይ? ሐላል ምግብ ይገኛል ወይ? የሥራው ሰዓት ለሶላት ይመቻል ወይ? ኢንሹራንሱንና የመመለሻ ትኬቱን ማን ይከፍላል? አደጋ ቢደርስ ለማን ይደወላል? በጎ መልስ የሚሰጥ ድርጅት ይታመናል፤ የሚሸሽ ይቅርባችሁ። ወላጅ ያልመረቀው ጉዞም አይቃናም።

አንድ ነገር እንጨምር። ጊዜው ሲያበቃ ተመለሱ። ሄዶ የቀረ ልጅ ከኋላው ለሚያመለክቱት ቪዛ ያከብድባቸዋል። ልውውጥ ማለት ሰጥቶ መቀበል ነው፤ የተማራችሁት ለቀራንዮም ይደርሳታል።

ካልተሳካስ? ያልተመረጠ ሰው አልተናቀም፤ የሚያመለክተው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። እስከዚያው በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተሳተፉ። በ2013 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር የጀመረው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም ወጣቶችን ሠልጥነው ከራሳቸው ክልል ውጭ እንዲያገለግሉ ልኳል። አገርን ማወቅም ጉዞ ነው።

መግሪብ ሲቃረብ ተነሣን። ያ ዝምተኛ ወጣት እስከ ታክሲው ሸኘን። «እንደገና ብሞክር እናቴ ታምነኝ ይሆን?» አለ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ለእርሷ አስቀድሞ እንዲያነብላት፣ አንድ ሳንቲም ሳይጠይቃት ከአጠገቡ እንድትቀመጥ መከርነው። አንገቱን ነቅንቆ ተመለሰ።

አላህ የእርሱንም የእናንተንም መንገድ ያቅናው። አሚን።