«እማዬ፣ ጨዋታው ሥራዬ ነው» ቢልሽ

እኅቴ ሆይ፤ ልጅሽ አንድ ቀን ከፊትሽ ቆሞ «እማዬ፣ እኔ ወደፊት የምተዳደረው በቪዲዮ ጨዋታ ነው» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? ምናልባት አንቺ ታግሰሽ ታዳምጪው ይሆናል። እኔ ግን አላዳመጥኩም። ይህንን የምጽፍልሽም የእኔ ስሕተት ለሌላዋ እናት ትምህርት ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር በመሆኑ የ17 ዓመቱ ወንድ ልጄና የ14 ዓመቷ እኅቱ አብዛኛውን ጊዜ በእኔ እጅ ናቸው። ሠራተኛ ከሆንሽ ታውቂዋለሽ፤ ልጆቻችን ምን ሲሠሩ እንደዋሉ የምንሰማው ከራሳቸው አንደበት፣ አለዚያም ከጎረቤት ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደወጣ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት እንደሚሄድ የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። «ልጅነት ነው፣ ያልፋል» ብዬ ተውኩት።

አንድ ሐሙስ ግን ለዕቁብ ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ 600 ብር ጎድሎ አገኘሁ። ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳላጣፋ ወደ ጨዋታ ቤቱ ሄድኩ። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አስይዞ ሲጫወት ደረስኩበት። በጓደኞቹ ፊት ሰደብኩት፤ ስልኩንም ከእጁ ነጠቅሁት። እርሱም እንባ እየተናነቀው «እማዬ፣ ጨዋታው ሥራዬ ነው!» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እኅቴ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ስልኩን መንጠቄ ሳይሆን ያ ሳቅ ነው። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ እርሱም ለዘጠኝ ቀን አንደበቱን ቆለፈብኝ።

በአሥረኛው ቀን ታላቅ ወንድሜ ከዶርዜ መጣ። ጉዳዩን ከሰማ በኋላ «ልጁን ዱቡሻ ሳታወጪ ነው የፈረድሽበት» አለኝ። ዱቡሻ በጋሞ አገር ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚታረቅበት አደባባይ ነው፤ በዚያ ያልተሰማ ሰው አይፈረድበትም። ወንድሜ ቀጠለና በመስከረም 2011 ዓ.ም. አባቶቻችን እርጥብ ሣር ይዘው፣ በቁጣ በተነሱ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ከተማችንን ከጥፋት ማዳናቸውን አስታወሰኝ። «ሽማግሌ ለወጣት ከተንበረከከ፣ እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ መነጋገር እንዴት ያቅታታል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በዚያው ምሽት ሳሎናችንን ዱቡሻ አደረግነው።

ልጄ የተናገረው ሁሉ ውሸት አልነበረም። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገው የፎርትናይት የዓለም ዋንጫ አንድ የ16 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ 3 ሚሊዮን ዶላር ተሸልሟል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ቻይና ባስተናገደችው የእስያ ጨዋታዎችም የቪዲዮ ጨዋታ እንደ ሌላው ስፖርት ሜዳልያ ተሰጥቶበታል። ይህን ሲያስረዳ ፊቱ በራ። እኔም በተራዬ «ስንት ሰው ነበር ለዚያ ሽልማት የተወዳደረው?» ብዬ ጠየቅሁት። ማጣሪያው ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች እንደተሳተፈ፣ ለብቻ ውድድሩ ፍጻሜ የደረሱት ግን 100 ብቻ እንደሆኑ ራሱ ፈልጎ አነበበልኝ። ከዚያ በኋላ ክርክራችን ወደ ሒሳብ ተለወጠ፤ ሒሳብ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሥራ ገንዘብ የሚገኝባቸውን መንገዶች እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳሽ። የመጀመሪያው የውድድር ሽልማት ነው፤ ያሸነፈ ይወስዳል፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛው ጨዋታውን በዩቲዩብና በመሳሰሉት እያሳዩ ከማስታወቂያ ገቢ መካፈል ነው። ሦስተኛው በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ተመልካች የሚልከው ስጦታ ነው። አራተኛው፣ ብዙዎች የማያስቡት፣ በዚህ መካከል የተገኘውን ሙያ ለሌላ ሰው ሠርቶ ማስከፈል ነው።

ሁለተኛውን መንገድ ልጄ ቀላል አድርጎ ነበር የሚያየው። ይሁን እንጂ ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ላለው ሰው ነው። አብረን አሰላነው፤ አንድ ተመልካች በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢያይ 4,000 ሰዓት ለመሙላት 80,000 ጊዜ መታየት ያስፈልጋል። ከዚያም ቢሆን በቪዲዮው ላይ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ ከመቶ 55ቱ ለሠሪው፣ ቀሪው ለኩባንያው ነው፤ ክፍያውም የሚላከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ኩባንያው ይህን አሠራር የፈቀደባቸው አገሮች ዝርዝር ስላለው አስቀድሞ መመልከት ይገባል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ደግሞ የክፍያ ሒሳብ በራሱ ስም መክፈት አይችልም፤ ወላጅ ያስፈልገዋል። ቲክቶክም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የቀጥታ ስርጭትን ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ወስኖታል። ስለዚህ «ይህ የእርሱ ጉዳይ ነው» ብለሽ ፊትሽን ብታዞሪ እንኳ በወረቀቱ ላይ የሚፈለገው የአንቺ ስም ነው።

ወንድሜ ሸማኔ ነው። ልጄን «ሽመና የጀመርኩት በመወርወሪያ መስሎሃል?» ሲል ጠየቀው። «ከዕቃው ላይ ሳልቀመጥ ለብዙ ጊዜ ለአባቴ ቀሰም ሳጠነጥን ኖሬአለሁ። ያለ ደመወዝ። አባቴ ግን ሲያስጠነጥነኝ እየመገበኝ ነበር። አንተን እስክትማር የሚመግብህ ማነው?» ልጄ ወደ እኔ ተመለከተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ሳይሆን የሚሠራበትን ቤት ያየ መሰለኝ።

በዚያ ምሽት የተስማማነው የሚከተለውን ነው። ጨዋታው በትምህርት ቀን ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ የሚደረገውም በቤት ውስጥ፣ ሳሎን ላይ ነው። የትምህርት ውጤት ከወረደ ጨዋታው ይቆማል። ገንዘብ አስይዞ መጫወት ፈጽሞ አይኖርም። ወጪና ገቢው በደብተር ተጽፎ በወሩ መጨረሻ ይነበባል። ከሦስት ወር በኋላ ዱቡሻው ድጋሚ ይቀመጣል። የተወሰደው 600 ብርም ይመለሳል። እኔም በበኩሌ ስልኩን ከሳጥን አወጣሁ፤ በጓደኞቹ ፊት ስለ ሳቅሁበትም ይቅርታ ጠየቅሁት።

ደብተሩን አሁን ከፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ። በመጀመሪያው ወር ለኢንተርኔት ጥቅል 900 ብር ወጣ፤ ገቢ ምንም። በሁለተኛው ወር 850 ብር ወጣ፤ በሰፈር ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ 300 ብር ገባ። በዚህ ወር አንድ ማታ በአስፈላጊ ግጥሚያ መካከል መብራት ጠፍቶበት ሲያለቅስ አየሁት። አንዳንዴም ግንኙነቱ ይዘገያል፤ የጨዋታው ዋና ኮምፒዩተር የሚገኘው ባሕር ማዶ ስለሆነ የእርሱ ጣት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ትእዛዙ እስኪደርስ ተቃራኒው ይቀድመዋል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ልጆቻችን ከሌላው ዓለም ልጆች ጋር ሲወዳደሩ የሚነሱት ከኋላ ነው። በሦስተኛው ወር 800 ብር ወጣ፤ 2,500 ብር ገባ።

2,500 ብር ስትሰሚ አትደነቂ፤ ከጨዋታ አንድም ሳንቲም አልመጣም። የራሱን ጨዋታ ለመቁረጥና ለማቀናበር ሲል የተማረውን ሙያ አንድ ጎረቤት አይቶ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብርልኝ ብሎ 1,500 ብር ከፈለው። አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ ለሁለት አጫጭር ማስታወቂያዎች 1,000 ብር ሰጠው። ሲደመር የሦስት ወር ወጪ 2,550 ብር፣ ገቢ 2,800 ብር፣ ትርፍ 250 ብር ነው። ያንን 250 ብር ከ600ው ላይ ከፈለኝ። 350 ብር ዕዳ አለበት፤ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

ሌላም ያልጠበቅሁት ነገር አለ። ሴት ልጄ ወንድሟ ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጣ በአማርኛና በጋሞኛ እየቀላቀለች ጨዋታውን እንደ እግር ኳስ ታስተላልፋለች። የእርሷ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ ከሌላው የበለጠ ይታያል። ጨዋታው በጨዋታ ቤት ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህች ልጅ ከበሩ አትገባም ነበር፤ ያ ቤት የወንዶች ነው። አሁን ግን ደብተሩ ላይ የእርሷም ድርሻ እንዲጻፍ ጠይቃለች። ወንድሟ ሊያንገራግር ሲል «እኅትህ ብትሠራ በነፃ ነው?» አልኩት። ድርሻዋ ተጻፈ።

አሁን ስለ አደጋው ልንገርሽ። በጫሞ ሐይቅ «አዞ ገበያ» የሚባለውን ስፍራ ሰምተሽ ይሆናል። ስሙ ገበያ ይባል እንጂ ሻጭና ገዢ የለበትም፤ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ የሚሰበሰቡበት ዳርቻ ነው። የሐይቁ አሣ አጥማጅ ልጁን «ወደ ውሃ አትውረድ» አይለውም፤ እንጀራው ከውሃው ነውና። የትኛው ዳርቻ እንደማይቀረብ ግን አስቀድሞ ያሳየዋል። በዚህ ነገር ውስጥ የማይቀረበው ዳርቻ ውርርድ ነው። ልጅሽ «ጨዋታ» ሲልሽ በችሎታ የሚደረገው ውድድር ነው ወይስ ገንዘብ የሚያስይዙበት ቁማር ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱ በአንድ በር ይገባሉ፤ በአንድ በር ግን አይወጡም።

ሁለተኛው አደጋ የጤና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስ ተመዝግቧል። ምልክቶቹም ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እያደረሰም አለመተው ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይህ ሁኔታ ለ12 ወር ያህል ሲቀጥል ነው በሽታ የሚባለው። ስለዚህ መጫወት ሁሉ በሽታ አይደለም፤ እንቅልፍ፣ ምግብና ትምህርት መተው ከተጀመረ ግን ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ መሳደብ መፍትሔ አይሆንም።

በዚህ ዘርፍ የሚያድረው ተጫዋቹ ብቻ አለመሆኑንም ለልጅሽ ንገሪው። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ የአያቶቻችንን ገበጣም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እንዲህ ያለ ሥራ ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛና የኮምፒዩተር ባለሙያ ይፈልጋል። እኛም ጋ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል። ልጄን «የሰው ጨዋታ ከመጫወት የራስህን ብትሠራስ?» ብለው ወዲያው አልመለሰልኝም። ይሁን እንጂ ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መጽሐፉን ሳሎን ላይ አግኝቼዋለሁ።

እኅቴ፣ ልጄ በዚህ ሥራ ይኖራል ብዬ አልምልልሽም። የሦስት ወሩ ትርፍ 250 ብር ነው፤ ይህ እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን ዘጠኝ ቀን ዝም ያለኝ ልጅ አሁን በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ይዞ ከፊቴ ይቀመጣል። ልጅሽ «ሥራዬ ነው» ሲልሽ አትሳቂበት። ደብተር ስጪው፤ «እንግዲያው ሥራ ከሆነ ሒሳቡን አሳየኝ» በይው። እውነት ሥራ ከሆነ ሒሳቡ ይናገራል፤ ካልሆነም ከአንቺ ቁጣ ይልቅ የራሱ ጽሑፍ ይመልሰዋል።