ያልሰጠኋት ፎርም

ይሄን ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ ነው የለጠፍኩት። የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ስኮላርሺፕ ካለ ንገረን" ትሉኛላችሁ። የዛሬው ግን ስላልነገርኳት ልጅ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ፎርም እጄ ገባ። ከችግረኛ ቤተሰብ የመጡ፣ የመሪነት ተስፋ የሚታይባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንት ውጭ አገር ሄደው ይሠለጥናሉ፣ ወጪው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት መጠቆም የሚቻለው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሮስተሩን ገለጥኩና አንደኛ የወጣውን ልጅ ስም ጻፍኩ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ፎርሙ ግን "ተማሪው ሌሎችን አስተባብሮ የሠራው ነገር ምንድን ነው?" ሲለኝ እስክሪብቶ ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። በመጨረሻ "የክፍል አለቃ ነው" ብዬ ሞላሁ። የክፍል አለቃ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ፤ የረባሽ ስም ይጽፋል። ልጁ አላለፈም።

እዚያው ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። ደረጃዋ ሰባተኛ ወይ ስምንተኛ ነው። እናቷ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች፣ እሷም ከትምህርት ስትወጣ በቀጥታ ወደዚያው ነው። በየወሩ ሦስት አራት ቀን የሚቀሩ ሴቶች ልጆች አሉ፤ እኛ መምህራን አቴንዳንስ ላይ "ሰነፍ" እያልን እናልፋቸዋለን። እሷ ለምን እንደሚቀሩ ታውቅ ነበር። በሳምንት ሁለት ሁለት ብር እያዋጡ ሞዴስ እንዲገዙ አደረገች። ሒሳቡን በደብተር ትይዛለች፣ ማን እንደወሰደ ግን አትጽፍም። እንዴት እንዳሳመነቻቸው እግዜር ይወቅ፣ ወንዶቹም ያዋጡ ነበር።

ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ፎርሙን ስሞላ ስሟ ትዝ ብሎኛል። ግን "አባቷ አይፈቅድላትም" ብዬ እኔው ጠይቄ እኔው መለስኩ።

ሌላም ነገር አለ፣ አልደብቃችሁም። ፎርሙ የጠቋሚውን መምህር የትምህርት ደረጃ ይጠይቃል። እኔ ዲፕሎማ ነኝ። አስተማሪ ስላነሰ ነው ዘጠነኛና አሥረኛ የማስተምረው፣ የክረምቱን ዲግሪም ጀምሬ አቋርጬዋለሁ። አንደኛ የወጣ ልጅ ካቀረብኩ ውጤቱ ይናገርልኛል፣ የእኔን ወረቀት ማንም አያየውም ብዬ አሰብኩ። ሰባተኛ የወጣች ልጅ ካቀረብኩ ግን መከራከር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ያውም በእንግሊዝኛ።

ከወራት በኋላ ነገሩን ሰማች። ከክፍል ስወጣ ጠብቃ፦ "ቲቸር፣ እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?" አለችኝ። አባትሽ ምናምን ብዬ ተንተባተብኩ። "ታዲያ እምቢ ማለቱን ለአባቴ ለምን አልተውክለትም?" አለችኝና ወደ ገበያዋ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የትነበርሽ ንጉሤ በተደጋጋሚ ትዝ ትለኛለች። ሻሸመኔ ላይ ያደግን ሰዎች ስሟን ልናውቀው ይገባል። ወሎ ተወለደች፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ጠፋ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቷን የተማረችው እዚሁ እኛ ከተማ፣ ካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰደች። ዓይነ ስውርነቷ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳስመለጣት ስትናገር ሰምታችኋት ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዓይኗ የጠፋ ሕፃን ይዞ ከወሎ ሻሸመኔ ድረስ የመጣው ቤተሰብ ነው። "አትችልም" ብለው ቤት ቢያስቀሩዋት ማን ይወቅሳቸው ነበር?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ሳጫውተው ሳቀብኝ። "በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው፤ አንተ ደግሞ ስለ ውጭ አገር ታወራለህ" አለኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። እኔም ትምህርት ይቅር አላልኩም። ግን ከዚያ 96 በመቶ በላይ ከሆነው ውስጥ ሞዴስ የምታዋጣዋ ልጅ የለችም ማለት ነው?

በሩ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ጆሃንስበርግ ያለው አፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ ከመላው አፍሪካ ወጣቶችን መርጦ ሁለት ዓመት ያስተምራል፣ ሲመርጥም ማርክ ብቻ አያይም። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ውስጥ አለ፤ ባሕር መሻገር የግድ አይደለም። እነ ሃርቫርድና ዬል የውጭ ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይተው አይጥሉም፣ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሞላሉ። ማለፉ ከባድ ነው፣ በጣም ከባድ። ግን "ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ" የሚሏችሁን ሽሹ።

አሁን ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ናት። ሌላ ፎርም መጥቷል። ባለፈው ቅዳሜ አቦስቶ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። አባቷ ሰምተውኝ ሲጨርሱ፦ "መምህር፣ የምትመለስ ከሆነ ትሂድ። ኃላፊነቱን የሚወስደው ግን ማነው?" አሉኝ። "እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ፣ ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት መልስ ይሄው ነበር፤ ሦስተኛው ስኒ እንኳ አልደረሰም።

ችግር አላለቀም። የልደት ካርዷ በቁቤ ነው፣ ስሟ ላይ ፊደል ተደርቧል፤ ትራንስክሪፕቷ ላይ ነጠላ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ፓስፖርት ላይ ያንገላታል፤ መደበኛው ራሱ 5,000 ብር ገብቷል። ቀበሌ ሁለቴ ተመላልሰናል፣ ሰኞ ደግሞ ኑ ተብለናል።

ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እሷ የጻፈችውን ድርሰት በቴሌግራም የሚያነብላትና እውነቱን የሚነግራት ሰው እፈልጋለሁ። አርሙላት አላልኩም፣ የራሷ ይሁን። ሻሸመኔ ያላችሁ ደግሞ ለሁለት ሳምንት የምታውሱን ላፕቶፕ ካለ በውስጥ አውሩኝ። የጠቋሚውን ገጽ ትናንት ማታ ሞልቼዋለሁ። የትምህርት ደረጃ የሚለው ላይ "ዲፕሎማ" ብያለሁ። ሌሎችን አስተባብራ የሠራችው ነገር የሚለው ቦታ አልበቃኝም፣ ተጨማሪ ወረቀት አያያዝኩ።